«ቁልፉ የት ነው?» የሚሉት ጋሽ ደበላ

ጋሽ ደበላ ማረፋቸውን የሰማሁት በብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ነው። የውኃ ፈረቃ የሚለጠፍበት፣ የጠፋ ድመት የሚፈለግበት ግሩፕ ላይ ፎቷቸው ከጥቁር ሪባን ጋር ወጣ። እውነቱን ልናገር? መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም። «እፎይ» ነው ያልኩት። ከእንግዲህ በሬን አንኳኩቶ ያንን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው የለም ብዬ። ወዲያው ደግሞ በራሴ አፈርኩ። ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ፊቴ ጋለ፤ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣውን ተማሪ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብዬ መለስኩት።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም ስንገባ አቢ ልጄ ገና መዋዕለ ሕፃናት ነበር። እኛ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጋሽ ደበላ ከላያችን አራተኛ ፎቅ። ምድር ቤቱ ላይ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለኝ። ማመልከቻ፣ ውል፣ ሲቪ፣ የክስ መልስ፣ ብቻ ሰው ችግሩን ይዞ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። አፌ ደግሞ አያርፍም። እየጻፍኩ አስተያየት እሰጣለሁ፣ አንዳንዱ ተቆጥቶ ወረቀቱን ይቀማኛል፣ ከሳምንት በኋላ ግን እኔኑ ፍለጋ ይመለሳል።

ጋሽ ደበላ የዚህ መሬት ልጅ ናቸው። ሕንፃው ሳይሠራ በፊት ቤተሰባቸው እዚሁ ያርስ ነበር፤ አሁን መኪና የምናቆምበት ቦታ የአባታቸው አውድማ ነበር። ቦታው ሲወሰድ ቤት ደረሳቸውና ከባለቤታቸው ከእትዬ ጫልቱና ከመጨረሻ ልጃቸው ከናቲ ጋር ገቡ። ቀን ቀን በአጭር ዱላ መኪናችንን ይጠብቃሉ። አንዱ አዲስ መኪና የገዛ ጎረምሳ ጥግ ይዞ ሲያቆም፣ «ኧረ እዚያ ጋ አታቁም! እዚያ ጋ የአባቴ በሬ ነው የሚተኛው» ይሉታል። ልጁ ግራ ሲገባው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። እኔን «ኢንተላ ኮ» ነበር የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እንዲህ የሚጠራኝ አባት ስለሌለኝ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ምንሽር ነበራቸው። የአባታቸው ነው፣ ፈቃድ አለው፣ መኝታ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል። የሚወጣው ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ዘመዶቻቸው ጋ ትልቅ ሰው ሲሞት ነው፤ ቀብር ላይ ለክብሩ ይተኮስለታል። እትዬ ጫልቱ ግን ያንን ጠመንጃ አይወዱትም። ስንት ጊዜ ደረጃ ላይ ቆመን፣ «ልጅ ባለበት ቤት ምን ያደርጋል? ሽጠው በይልኝ እስቲ አንቺ አፍ አለሽ» ብለውኛል። ጋሽ ደበላ ከኋላ ሆነው፣ «ባዶ ነው እኮ! እንዲሁ ጌጥ ነው፣ ምን ያስፈራሻል» ይሉ ነበር። ናቲም ከአጠገባቸው ቆሞ ይስቃል። ይህቺን «ባዶ ነው» ስንት ጊዜ እንደሰማት እግዜር ይወቀው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ናቲ ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ጓደኛው ሚኪ አሥራ አምስት፣ የእኔ አቢ አሥራ አንድ። ሦስቱም ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጠው በሚኪ ስልክ ጌም ይጫወቱ ነበር። እኔ ከታች ሆኜ «አቢ! ና ዳቦ ግዛልኝ!» ብዬ ተጣራሁ። እያጉረመረመ ወረደ። ለምን እንደጠራሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቤት ዳቦ ነበረ።

እሱ ከወረደ በኋላ ሁለቱ በስልኩ ተጣሉ። ሚኪ «ሂድ ወደዚያ፣ የመኪና ዘበኛ ልጅ» አለው። በቃ ይኸው ነው፤ የልጅ ነገር። ናቲ እያለቀሰ አንድ ፎቅ ሮጦ ወጣ፣ በበሩ ጉበን ላይ የሚቀመጠውን የቁም ሳጥን ቁልፍ አወረደና ጠመንጃውን ይዞ መጣ። ሊያስፈራራው ነው። ልክ እንደ ፊልም «በል እስቲ አሁን ድገመው» ሊለው።

እኔ ድምፁን ስሰማ ትራንስፎርመር የፈነዳ ነበር የመሰለኝ። «መብራት ሄደ ማለት ነው» ብዬ ኮምፒውተሬን አየሁ፤ አልጠፋም። «አቢ!» ብዬ ስወጣ ልጄ ዳቦ በፌስታል ይዞ በር ላይ ቆሟል። እጁን ይዤ አንዴ ዳሰስኩት፣ ሁለቴ ዳሰስኩት፣ ከዚያ ሱቅ ውስጥ ከትቼ ከውጭ ቆለፍኩበትና ወደ ላይ ሮጥኩ።

ያየሁትን ሁሉ አልናገርም። የሚኪ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ሦስት ደረጃ ወርዶ ተገልብጦ ነበር። ናቲ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ጠመንጃው እጁ ላይ እንዳለ፣ «ባዶ ነው፣ ባዶ ነው፣ ባዶ ነው» ይላል። ጋሽ ደበላ ከመኪና ማቆሚያው ሮጠው መጡ። ጠመንጃውን ቀስ ብለው ከልጁ እጅ ወሰዱ፣ ልጁን አስቀመጡት፣ ከዚያ ሚኪ አጠገብ ተንበርክከው ኮታቸውን አለበሱት። ፖሊሶቹ ሲደርሱ «መሣሪያው የማን ነው?» አሉ። «የኔ» አሉ ጋሽ ደበላ። አባትና ልጅ በአንድ መኪና ተወሰዱ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ፍርሃት! ልጆቻችን ደረጃ መውጣት እምቢ አሉ። አቢ ሽንት ቤት እንኳ በር ክፍት አድርጎ ነው የሚገባው። ትልልቆቹ ደግሞ ሌላ ክርክር ያዝን፤ «ልጁ ልጅ ነው፣ ማን ሊታሰር ነው?»፣ «አባትየው አልተኮሰ፣ በምን ይጠየቃል?» እንባባላለን። የሚኪ እናት የባንክ ሠራተኛ ናት፣ ጸጥ ያለች ሴት። ለቅሶ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ስትናገር ሰማኋት። «በዚያ ልጅ ላይ አልፈርድም። ጠመንጃውን ካስቀመጠለት ሰው ጋር ግን ፍርድ ቤት እገናኛለሁ» አለች።

ሕጉን ያኔ ነው የተማርኩት። አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ሰው ሲጎዳ ካሳው በአባቱ ላይ ይመጣል፤ መሣሪያውን በቸልታ ያስቀመጠ አባት ደግሞ ራሱም በወንጀል ሊከሰስ ይችላል። ጋሽ ደበላም ተከሰሱና በዋስ ወጡ። አንድ ቀን ከሰዓት ከወንድማቸው ልጅ ከጫላ ጋር ሱቄ መጡ። ጫላ የቤትና የመሬት ደላላ ነው፤ ሁለት ስልክ አለው፣ ሁለቱም አያርፉም። በእጅ የተጻፈ ወረቀት አቀበለኝ። «ለክሱ የሚሰጥ መልስ ነው፤ እንዳለ ግልበጪው» አለኝ።

ጻፍኩት። ጠመንጃው ባዶ ሆኖ፣ በቁም ሳጥን ተቆልፎ እንደነበረ ይላል። ልጁ ቁልፉን ሰርቆ፣ ጥይቱን ከሌላ ቦታ አግኝቶ፣ ራሱ አጉርሶ እንደተኮሰ ይላል። አባት የሚያውቁት ነገር የለም ይላል። ሁሉንም ልጁ ላይ መጣሉ አልጣመኝም፣ ግን አፌን ያዝኩ። የዚያን ቀን ብቻ ነው አፌን የያዝኩት።

አትሜ ለፊርማ ሰጠኋቸው። ጋሽ ደበላ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጣታቸውን መስመሩ ሥር እያስኬዱ እንደ ተማሪ ቀስ ብለው አነበቡ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። «ባዶ ሆኖ» የሚለው ላይ።

«ይሄን አጥፊው» አሉኝ።

ጫላ ስልኩን ዘጋ። «አጎቴ፣ ስንት ጊዜ ተነጋገርን? ልጁ ልጅ ነው! ሕጉ ለሱ ይራራለታል። አንተ ግን ትገባለህ፤ በስተርጅና እስር ቤት ትሞታለህ። ፈርም።»

«ባዶ አልነበረም።»

«ታዲያ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።» ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። «አባቴ እዚህ አውድማ ላይ ሲያስተምረኝ፣ ጠመንጃ ስታስቀምጥ አንዲት አጉርስበት ነው ያለኝ። ጅብም ሌባም አንተ ጥይት እስክታጎርስ አይጠብቅህም አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ነው የማስቀምጠው። የወንድሜ ቀብር ላይ ተኩሼ መጣሁ፣ የተረፈችውን አንዲት አጎረስኩና ቆለፍኩ። ጫልቱ ስለምትፈራ ባዶ ነው አልኳት። ናቲንም ባዶ ነው አልኩት። ልጄ አሁን ማረፊያ ቤት ሆኖ ‹ባዶ መስሎኝ ነው› እያለ ያለቅሳል፣ ማንም አያምነውም። እሱ ያጠፋው እኔን ማመኑ ነው፤ ሌላ ምን አጠፋ?»

ጫላ ወደኔ ዞረ። «አንቺ የታዘዝሽውን ጻፊ። የሰው ቤት አታፍርሺ» አለኝ። ዓይኑን ሳየው ፈራሁ፤ ማታ ሱቄን ዘግቼ ብቻዬን ደረጃ የምወጣ ሴት ነኝ፣ ባሌ መንገድ ላይ ነው የሚውለው የሚያድረው። ጋሽ ደበላ ግን ኪቦርዱን በጣታቸው ነካ አደረጉና፣ «ኢንተላ ኮ፣ አጥፊው» አሉኝ። አጠፋሁት። በቦታው «ጥይቱን ያጎረስኩት እኔ ነኝ» ብዬ እሳቸው እንዳሉት ጻፍኩ። ፈረሙ። ጫላ በሩን ወርውሮት ወጣ።

ፍርድ ቤትም ሄጃለሁ። ዳኛዋ «ጥይቱን ማን አጎረሰው?» ብላ ስትጠይቅ፣ «እኔ» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። ከኋላ ወንበር እትዬ ጫልቱ ብድግ አሉ። ያን ቀን ነው የሰሙት። «ባዶ ነው አላልከኝም? አንተ ሰው፣ ባዶ ነው አላልከኝም?» እያሉ ጮኹ፤ ፖሊስ ይዞ አወጣቸው። ጋሽ ደበላ ዞር አላሉም።

ተፈረደባቸው። የናቲ ጉዳይ ለብቻው ታየና፣ ሆን ብሎ እንዳልገደለ ታምኖ፣ ክትትል እየተደረገለት ከእናቱ ጋር እንዲኖር ተወሰነ። ካሳው በእሳቸው ላይ ሆነና የቀረቻቸውን ቁራሽ ቦታ ሸጠው ከፈሉ። ሰፈሩ «ሞኝ ናቸው» አለ። ግማሹ ደግሞ «ይገባቸዋል፣ እንዲያውም አነሰ» አለ። እኔ ከየትኛውም ወገን መሆን አልቻልኩም። እወዳቸዋለሁ፤ ሚኪን የገደለችው ጥይት ደግሞ የሳቸው ናት።

ከሁለት ዓመት በላይ ታስረው ሲፈቱ አጥንት ሆነው መጡ። ዱላውን አልያዙም፣ መኪና አልጠበቁም። ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ። በሁለት እጃቸው የውኃ ጀሪካን ይዘው እንኳ ጀሪካኑን አስቀምጠው ያወልቁና፣ የሚኪን እናት በር አልፈው መልሰው ያደርጋሉ። አንድም ቀን ያንን በር ግን አላንኳኩም።

የኛን ግን ማንኳኳት ጀመሩ። ቤት ለቤት፣ ብሎክ ለብሎክ። «ቤታችሁ መሣሪያ አለ?» ይላሉ። አለ ካልክ፣ «ቁልፉ የት ነው?» ይላሉ። ምንም ስብከት የለም፣ ይህችው ናት። ሰው ፈራቸው። «ሟርተኛ» አሏቸው። እናቶች ሲያዩዋቸው ልጆቻቸውን ይሰበስባሉ። ለብሎኩ ኮሚቴ አቤቱታ ቀረበባቸው፤ አፍሬ ነው የምነግራችሁ፣ አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሥራዬ ነው ብዬ።

እኛ ጋ የመጡ ቀን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ባሌ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መንገዱ ሲከፋ ሽጉጥ ገዝቶ ነበር፣ በፈቃድ። ኬላ ላይ ስለሚያጉላላው አብዛኛውን ጊዜ ቤት ትቶት ነው የሚሄደው።

«ቤታችሁ መሣሪያ አለ?»

«የለም» አልኩ።

«ኢንተላ ኮ፣ ባልሽ ሹፌር ነው።»

«ቢኖርስ! ምን አገባዎት?» ብዬ ጮህኩ። «ተቆልፏል! ደግሞ ባዶ ነው!»

አምልጦኝ ነው። ጋሽ ደበላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሩን በመዳፋቸው ያዙ።

«ማነው ባዶ ነው ያለሽ?»

«ባሌ።»

«አይተሻል?»

አላየሁም። ልነካውም እፈራለሁ፤ እንኳን ከፍቼ ላየው።

«አቢን ጠይቂው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ፊት አይደለም፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ። ቁልፉ የት እንዳለ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂው። እኔ ናቲን አንድ ቀን ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ይነግረኝ ነበር። አልዋሸኝም፤ አልጠየቅሁትም።»

በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋሁት። የአባቴን ያህል ሰው! ከዚያ የሽጉጡን ሳጥን ቁልፍ ከመሳቢያው አውጥቼ ፍራሽ ሥር ከተትኩ። አላስተኛ ሲለኝ ጫማ ሳጥን ውስጥ፣ ከዚያ ደግሞ በፌስታል ጠቅልዬ ሽሮ ጣሳ ውስጥ ቀበርኩት። ሽሮ ውስጥ ማን ይፈልገዋል? ቁልፉን ደብቄ አልጠገብኩም፤ አቢን ግን አልጠየቅሁትም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። «አዎ፣ አውቃለሁ» ቢለኝስ? ከዚያ በኋላ በምን ልቤ ሱቅ እውላለሁ?

ጋሽ ደበላ ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ጠየቅሽው?» ይሉኛል። «እጠይቃለሁ ጋሼ» እላለሁ። ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት አለፈ። የመጨረሻ ጊዜ ያገኘኋቸው ታመው ናቲ ደግፏቸው ሐኪም ቤት ሲወርዱ ነው። ትንፋሽ አጥሯቸው መናገር አቃታቸው፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ከዚያ ወደኔ ዞረው ቅንድባቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ። ጥያቄውን አወቅሁት። አንገቴን ደፋሁ።

ቀብራቸው ዘመዶቻቸው ጋ፣ ከለሚ ኩራ ወዲያ ባለች ቤተ ክርስቲያን ነበር። አንድ ሽማግሌ ጠመንጃ በትከሻቸው አንግበው መጥተዋል፤ እንደ ወጉ ሊተኩሱ ነው። ናቲ አሁን ሃያ ዓመቱ ነው። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ጮክ ብሎ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «አባዬ እንዳይተኮስለት ብሏል» አለ። ሽማግሌው ግራ ተጋብተው ቆሙ፣ ከዚያ ጠመንጃውን ይዘው ከግቢው ወጡ። የሚኪ እናትም መጥታ ነበር። ራቅ ብላ ዛፍ ሥር ቆማ አየኋት፤ አፈሩ ሳይመለስ ሄደች።

ቤት ስገባ አቢ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል። አሥራ ሰባት ሊሞላው ነው፣ እግሩ ከሶፋው አልፎ ወጥቷል። ነጠላዬን ሳላወልቅ ፊቱ ቆምኩ።

«አቢ፣ የአባትህ ሽጉጥ የተቆለፈበት ሳጥን ቁልፍ የት እንዳለ ታውቃለህ?»

ከስልኩ ላይ ዓይኑን አላነሳም። «ሽሮው ውስጥ» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮ ጀምሮ። ከፍራሹ ሥር ወደ ጫማ ሳጥኑ፣ ከዚያ ወደ ሽሮው ስታዞሪው አይቻለሁ እኮ።»

«ከፍተኸው ታውቃለህ?»

አሁን ስልኩን አስቀመጠ። ተነሥቶ ተቀመጠና እንደ ትንሽ ልጅ እጆቹን ጭኖቹ መሐል ከተተ። «ሁለቴ» አለ። «እንዳትቆጪኝ እማ። ልጫወትበት አይደለም። አባዬ ባዶ ነው ሲልሽ ሰምቼ ነው። ናቲም ባዶ ነው ሲል ነበር፤ ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ቆልፈሽብኝ ፖሊሶቹ ሲያወርዱት ድምፁ ይሰማኝ ነበር። እና ፈራሁ። ዩቲዩብ ላይ እንዴት እንደሚከፈት አየሁና ባዶ መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ነው።»

«እና?»

«አልነበረም።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ልጄ ይህንን ለማን ይንገረው? አልጠየቅሁትም። ለባሌ ደወልኩለት። መንገድ ላይ ነው፣ የመኪናው ድምፅ ይሰማል። ጥይት አለበት ወይ አልኩት። ሳቀ። «ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ? ባዶ ነው እኮ አልኩሽ!» አለኝ።

ስልኩን ዘጋሁ። አቢን አስከትዬ ሱቅ ወረድን፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ ነጠላዬን ከራሴ ላይ አወረድኩ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ለፖሊስ ጣቢያ ማመልከቻ ጀመርኩ፤ መሣሪያው ከቤታችን እንዲወጣልን የሚል። በሕይወቴ ስንት ሺህ ማመልከቻ ለሰው ጽፌያለሁ፣ ለራሴ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ባሌ ሲመጣ የሚለውን አስቤ አንዴ አቆምኩ። ከዚያ ቀጠልኩ። ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ቤቴ ውስጥ አለ፣ ልጄ ቁልፉን ያውቃል፣ እኔ ሳልጠይቀው ዓመታት አሳልፌያለሁ ብዬ ጻፍኩ።

አትሜ ስጨርስ አቢ ወረቀቱን አነበበ፣ ጣቱን መስመሩ ሥር እያስኬደ። የሚጠፋ ካለ ብዬ ጠበቅሁት። እንድፈርም እስክሪብቶ አቀበለኝ።